ቁመት ወይስ ክህሎት? የኮሌጅ መረብ ኳስ መቺ ሴንቲሜትሮቹን የሚቆጥርበት መንገድ

የአሜሪካ ኮሌጅ አሠልጣኞች የተመልማይ ዝርዝር ሲቀርብላቸው ዓይናቸው መጀመሪያ የሚያርፈው ቁመት ላይ ነው። ይህን መካድ አይጠቅምም። መረቡ ግን የሚያውቀው ሌላ ቁጥር ነው፦ የመቺው እጅ ኳሱን ያገኘበትን ከፍታ። ቁመት የዚያ ቁጥር አንዱ ክፍል ነው፤ የክንድ ርዝመት፣ ዝላይ፣ የሰዓት አጠባበቅና የክንድ አወራወር ቀሪውን ይሞሉታል። ስለዚህ ከመከራከር በፊት ሁሉንም በሴንቲሜትር መለካት ይሻላል። ሲለካ ደግሞ ብዙ ተጫዋች በቁመት ያጣውን ያህል ሴንቲሜትር አየር ላይ ሲያባክን ይገኛል።

ቦታው ይወስናል

ለሁሉም መቺ የሚሆን አንድ መልስ የለም። የመሐል ተጫዋች ላይ ቁመት ያመዝናል፤ ዋናው ምክንያትም ብሎኩ ነው፤ ማለትም የተጋጣሚን ምት መረቡ ላይ ዘልሎ በእጅ መዝጋት። የመሐል ተጫዋች ወደ ግራም ወደ ቀኝም ክንፍ እየተንሸራተተ ብሎክ መዝጋት አለበት። የተጋጣሚው ኳስ ፈጣን ሲሆን ጉልበቱን አጥፎ፣ ክንዱን ወደኋላ ጥሎ ለመዝለል ጊዜ አያገኝም። እጁን ፊቱ አጠገብ እንደያዘ በግማሽ ዝላይ ከመረቡ በላይ መድረስ ይጠበቅበታል። ተንደርድሮ 70 ሳ.ሜ የሚዘል አጭር ልጅ ያንን 70 እዚህ ቦታ ላይ አውጥቶ አይጠቀምበትም። ቆሞ እጁ የት ይደርሳል የሚለው ይበልጣል።

የቀኝ ክንፍ መቺም ከቁመት ብዙ ይጠቀማል። ፊት ለፊቱ የሚቆመው የተጋጣሚው የግራ ክንፍ መቺ ነው፤ በአብዛኛው ቡድን ብዙ ኳስ የሚሄደው ወደዚያ ስለሆነ ረጅም እጅ ያስፈልጋል።

የግራ ክንፍ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ይህ ተጫዋች ሰርቭ (ጨዋታውን የሚያስጀምረውን ምት) ይቀበላል፣ ከተቀበለበት ተነስቶ ያጠቃል፣ የቡድኑ ቅብብል ሲበላሽም ከኋላ ተወርውሮ የሚመጣው ከፍተኛ ኳስ የሚደርሰው ለእሱ ነው። ብሎኩ ሁለት ሆኖ ተሰናድቶ ይጠብቀዋል። እዚያ ላይ የሚያድነው ዕይታ፣ የእጅ አንጓ ልምድና ትዕግሥት ነው። አሜሪካዊው የግራ ክንፍ መቺ ካርች ኪራሊ 1.88 ሜትር ነበር፤ በወንዶች የዓለም ደረጃ መረብ ኳስ ይህ ረጅም የሚባል ቁመት አይደለም። ከዩሲኤልኤ (የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ሎስ አንጀለስ) ጋር እ.ኤ.አ. በ1979፣ 1981 እና 1982 የኮሌጅ ዋንጫ ወሰደ፣ ከዚያ በ1984 እና በ1988 የኦሎምፒክ ወርቅ ጨመረ። የአሜሪካ ብሔራዊ ቡድን በ1984 ሰርቭ የመቀበሉን ሥራ ለሁለት ሰዎች ብቻ ሲሰጥ ከሁለቱ አንዱ እሱ ነበር። ሌሎቹ ረጃጅሞች ለማጥቃት ነፃ የሆኑት በእሱ ክህሎት ነው።

በሌላ ወገን ዴስቲኒ ሁከር አለች፦ 1.93 ሜትር፣ በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ሳለች በከፍታ ዝላይ የኮሌጆች ሻምፒዮን፣ በ2012 የለንደን ኦሎምፒክ ከቡድኗ ጋር የብር ሜዳሊያ ያገኘች። ቁመቱም ዝላዩም ያላት ተጫዋች ስትገኝ ክርክሩ እዚያው ያበቃል። እንዲህ ያለ ሰው ግን በየቡድኑ አይገኝም።

10 ሳ.ሜ ምን ይገዛል?

የሴቶች መረብ ከፍታ 2.24 ሜትር ነው፤ የወንዶቹ 2.43። የኳስ ዙሪያ ከ65 እስከ 67 ሳ.ሜ ስለሆነ ከመሐሏ እስከ ጠርዟ 10.5 ሳ.ሜ ገደማ ነው። ስለዚህ ኳሷ የሴቶችን መረብ ሳትነካ እንድታልፍ መሐሏ ከ235 ሳ.ሜ በላይ መሆን አለበት። ትንሽ ክፍተት ጨምረን 240 እንበል።

አሁን መቺዋ ከመረቡ 1 ሜትር ርቃ ኳሱን 275 ሳ.ሜ ላይ አገኘችው እንበል። ኳሷ በቀጥታ መስመር ብትሄድ በ1 ሜትር ውስጥ 35 ሳ.ሜ ትወርዳለች፤ በዚሁ ዘንበል ከቀጠለች ከመረቡ ማዶ 6.9 ሜትር ላይ ታርፋለች። ምቱ 285 ላይ ቢሆን ማረፊያዋ 5.3 ሜትር ይሆናል። ምቱ 265 ላይ ቢሆንስ? ስሌቱ 9.6 ሜትር ይሰጣል፤ ሜዳው ከመረብ እስከ ኋላ መስመር 9 ሜትር ብቻ ነውና ኳሷ ውጭ ናት። በእውኑ ጨዋታ ስበትና የኳሷ ወደፊት መሽከርከር ወደ ሜዳ ይስቧታል፤ ስለዚህ እነዚህን ቁጥሮች ምቶቹን ለማነጻጸር እንጂ ማረፊያዋን ለመተንበይ አይጠቀሙባቸው። ንጽጽሩ ግን ግልጽ ነው፦ 10 ሳ.ሜ የምት ከፍታ በሜዳው ላይ ከ1.5 ሜትር በላይ ይገዛል። ለወንዶች ከመረቡ ጋር 19 ሳ.ሜ ጨምሮ እንደገና ማስላት ነው።

ያ 10 ሳ.ሜ ከየትም ቢመጣ ለኳሷ ልዩነት የለውም። በቁመት ሊመጣ ይችላል። በሰዓትም ሊጠፋ ይችላል፦ ዘላይ ከጫፉ ላይ 10 ሳ.ሜ ለመውረድ የሚፈጅበት ጊዜ 0.14 ሴኮንድ ነው። 20 ሳ.ሜ ለመውረድ 0.2 ሴኮንድ። ዓይን የሚርገበገብበትን ያህል መዘግየት የአንድ ራስ ያህል ቁመት ይበላል።

ሁለት መቺዎችን እናወዳድር። አንዷ 190 ሳ.ሜ ናት፣ ዘልላ 293 ትነካለች፤ ኳሱን ግን ሁልጊዜ 0.14 ሴኮንድ ዘግይታ ታገኘዋለች። ሌላዋ 180 ናት፣ ዘልላ 286 ትነካለች፣ ሰዓቷም ልክ ነው። ሁለቱም ኳሱን በጣት ጫፍ ሳይሆን በመዳፍ፣ ክንዳቸውን ትንሽ ወደፊት አድርገው ስለሚመቱት 14 ሳ.ሜ ያህል ይቀነስባቸዋል። የመጀመሪያዋ 269 ላይ ትመታለች፣ ሁለተኛዋ 272 ላይ። ሁለተኛዋ ዝርዝሩ ላይ አሥር ሴንቲሜትር ታንሳለች፤ መረቡ ላይ በሦስት ትበልጣለች።

እንዴት ይለካል?

ሦስት ቁጥር ያስፈልጋል፦ የቁም መድረሻ፣ የዝላይ መድረሻ፣ የምት ከፍታ። ሁለቱን የመጀመሪያዎቹን ሁሉም ይለካል። ሦስተኛውን የሚለካ ጥቂት ነው፤ ሥራው ያለው ግን እዚያ ነው።

1. የቁም መድረሻ። የጨዋታ ጫማ አድርገው በሚመቱበት እጅ በኩል በጎን ወደ ግድግዳ ይቁሙ። ተረከዝ መሬት ይንካ። ትከሻን ወደ ጆሮ እስኪጠጋ ድረስ ገፍተው ይዘርጉ። ብዙ ሰው ትከሻውን ሳይገፋ ይለካና መድረሻውን ያሳንሳል፤ በዚያ ላይ ተመሥርቶ የሚሰላው ዝላይ ደግሞ ያለ አግባብ ያድጋል። እኩል ቁመት ያላቸው ሁለት ሰዎች እዚህ ላይ ብዙ ሴንቲሜትር ሊለያዩ ይችላሉ።

2. የዝላይ መድረሻ። ጣት ላይ ጠመኔ ይቀቡና ሙሉ መንደርደሪያ ወስደው ከፍ ያለ ሰሌዳ ወይም መለኪያ ይንኩ። ግድግዳ ላይ ተንደርድሮ መዝለል አደጋ አለው፤ ሰውም ግድግዳውን ፈርቶ ይቆጥባል። አምስት ጊዜ ይዝለሉ፣ በመካከሉ አንድ ደቂቃ ይረፉ፣ ትልቁን ይመዝግቡ። ቀኑንም ይጻፉ፤ ከከባድ ልምምድ ማግሥት የተለካ ዝላይ ዋጋ የለውም።

3. የምት ከፍታ። ለዚህ መለኪያ ሜዳው ላይ ተተክሎ ይገኛል። አንቴናው (በመረቡ ጎን የሚቆመው በትር) ከመረቡ በላይ 80 ሳ.ሜ ይወጣል፣ ቀይና ነጩ ቀለምም በየ10 ሳ.ሜ ይፈራረቃል። ስልክ በዝግታ ቀረጻ አስቀምጠው ከአንቴናው አጠገብ የሚመቱ አሥር ኳሶችን ይቅረጹ፤ ከዚያ ኳስና እጅ በተገናኙበት ፍሬም ላይ አቁመው የኳሷ መሐል ከስንተኛው ቀለም ትይዩ እንደሆነ ይቁጠሩ።

የስልኩ አቀማመጥ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ስልኩ ዝቅ ካለ፣ ከአንቴናው ይልቅ ለካሜራው የቀረበ ነገር ሁሉ ከእውነቱ ከፍ ብሎ ይታያል። ካሜራው በሰው ደረት ቁመት፣ ከአንቴናው 9 ሜትር ርቆ ቢቀመጥና መቺዋ 1 ሜትር ወደ ካሜራው ብትቀርብ፣ 275 ላይ የተመታች ኳስ ከ290 በላይ የተመታች ትመስላለች። ደስ የሚል ቁጥር ነው፤ ውሸት ነው እንጂ። ስልኩን የተመልካች ደረጃ ላይ አውጥተው በመረቡ የላይኛው ጠርዝ ቁመት ያስቀምጡት፣ የሚቻለውን ያህልም ያርቁት። ስህተቱ ያኔ ወደ 5 ሳ.ሜ ይወርዳል። ቢያንስ በየወሩ ከአንድ ቦታ ይቅረጹ፤ ያኔ ስህተቱ ቢኖርም ለውጡ ይታያል።

ከዝላይ መድረሻው የምት ከፍታውን ይቀንሱ። ልዩነቱ ከ12 እስከ 16 ሳ.ሜ ከሆነ ደህና ነው። 20 ካለፈ የሚባክን ነገር አለ። 25 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ለጊዜው የዝላይ ሥልጠናን ትተው ሰዓትና ክንድ ላይ ይሥሩ፤ ከዚያ የሚገኘው ሴንቲሜትር በክብደት ክፍል ከሚገኘው ይበልጣል፣ ቶሎም ይመጣል።

የባከነው የት ነው?

ያንኑ ቪዲዮ ይመልሱት። በሴኮንድ 120 ፍሬም የተቀረጸ ከሆነ ወገብ ከፍተኛ ቦታ የደረሰበትን ፍሬም ይፈልጉና ከዚያ እስከ ምቱ ያሉትን ይቁጠሩ። 12 ፍሬም 5 ሳ.ሜ፣ 17 ፍሬም 10 ሳ.ሜ፣ 24 ፍሬም 20 ሳ.ሜ ነው። ምቱ ከጫፉ በፊት ከሆነም ሒሳቡ ያው ነው፤ ሲወጡ የቀረም ሲወርዱ የጠፋም እኩል ነው።

ሲወርዱ የሚመቱ ከሆነ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ መነሳት ነው። ኳሱ ገና ከሴተሩ (ለመቺው ኳስ ከሚያዘጋጀው ተጫዋች) እጅ ሳይወጣ መቺው ይሮጣል፣ ኳሱ ሥር ይደርሳል፣ ይዘላል፣ ከዚያ አየር ላይ ሆኖ ይጠብቃል። ሌላው ምልክት ኳሷ ከራስ በላይ ወይም ከራስ ኋላ መመታቷ ነው፤ ጀርባ ይለጠጣል፣ ምቱም ወደ ላይ ወጥቶ ከኋላ መስመር ያልፋል። መድኃኒቱ መዘግየትን መልመድ ነው። ለከፍተኛ የክንፍ ኳስ፣ ኳሷ ጫፏ ላይ ደርሳ መውረድ እስክትጀምር ድረስ ከ3 ሜትር መስመሩ ኋላ ይቁሙ። በመጀመሪያው ሳምንት ብዙ ኳስ ያመልጣል። ያምልጥ። ከዘገዩ ሰውነት ራሱ ያፈጥናል፤ ከቀደሙ ግን አየር ላይ መቆም የሚችል የለም።

ፈጣን ኳስ ላይ ይህ ሕግ ይገለበጣል። ለመሐል ፈጣን ኳስ ሴተሩ ኳሷን ሲነካ መቺው ከመሬት እየተነሳ ወይም ተነስቶ መሆን አለበት። እዚያ ላይ መዘግየት ማለት ኳሷን ጨርሶ ማጣት ነው።

መንደርደሪያው

ቀኝ እጅ መቺ በሦስት እርምጃ ግራ-ቀኝ-ግራ ይሄዳል፤ በአራት ከሆነ በፊቱ አንድ ዝግ ያለ ቀኝ ይጨመራል። ግራ እጅ መቺ ተቃራኒውን። የእርምጃው ቁጥር ያን ያህል አያሳስብም። የሚያሳስበው የእርምጃው ሪትም ነው፦ ዝግ፣ ፈጠን፣ ከዚያ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ «ጠ-ጥ» ብለው አንድ ላይ የሚወድቁ ያህል መቀራረብ አለባቸው። ዓይንዎን ጨፍነው ወለሉን ቢያዳምጡ የጥሩ ዘላይ የመጨረሻ ሁለት እርምጃዎች አንድ ድምፅ ሊመስሉ ይቀርባሉ።

ከመጨረሻው በፊት ያለው እርምጃ ረጅሙ ነው። ተረከዝ ቀድሞ ይነካል፣ ሰውነት ዝቅ ይላል፣ በዚያው ቅጽበት ሁለቱም ክንዶች ወደኋላ ቀጥ ብለው ይወጣሉ። የመጨረሻው እግር ከፊቱ ተተክሎ ወደፊት የሚገፋውን ፍጥነት ወደ ላይ ያዞረዋል፤ ጣቶቹ ወደ መረቡ ቀጥ ብለው ሳይሆን ወደ ሴተሩ ዘንበል ብለው ይተከላሉ። ይህ እግር ካልተተከለ ሁለት ነገር ይበላሻል፦ መቺው ወደ መረቡ ይንሳፈፋል፣ ዝላዩም ርዝመት እንጂ ከፍታ አይሆንም። ዘልለው የተነሱበትና ያረፉበት ቦታ ላይ ጠመኔ ያድርጉ። ልዩነቱ ግማሽ ሜትር ገደማ ከሆነ ደህና ነው፤ ከአንድ ሜትር ካለፈ ፍጥነቱ ወደ ላይ አልዞረም።

ክንድን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ አጥብቀን እንላለን፦ የማይመታው እጅ። ቀድሞ ከወረደ ትከሻው አብሮ ይወርዳል፣ የምት ከፍታውም ይቀንሳል። ምቱ ሊጀምር እስኪል ወደ ኳሷ ጠቁሞ ይቆይ፣ ከዚያ ወደ ሆድ ይሳብ። ክርንም ከትከሻ በታች አይውረድ፤ ክርን የወረደበት ክንድ ኳሷን ይገፋታል እንጂ አይመታትም። ከዝላይ ሳይገቡ በፊት በየቀኑ መሬት ላይ ቆመው ወደ ግድግዳ 50 ኳስ ይምቱ፤ ኳሷ መሬት ነጥራ፣ ግድግዳ ነክታ፣ ለእጅ እንድትመለስ። በተከታታይ ሃያ መመለስ ያቃተው ክንድ ዘልሎም አይታዘዝም።

ብሎኩ ሲበልጥ

አጭር መቺ ከረጅም ብሎክ ጋር ሲገናኝ የሚሠራው ትልቁ ስህተት ይበልጥ አጥብቆ ወደ ታች መምታት ነው። ብሎኩ የሚፈልገው ያንን ነው። ከላይ በተሰላው መሠረት ወደ ታች የሚወርድ ኳስ የሚያልፈው ከመረቡ አጠገብ ባለው ዝቅተኛ መስኮት ነው፤ የብሎከሩ እጅ ያለውም እዚያው ነው።

የመጀመሪያው መሣሪያ የውጭውን እጅ መጠቀም ነው። ኳሷ ለመረቡ ስትቀርብ ከአንቴናው በኩል ያለውን ብሎከር የውጭ እጅ፣ እሱንም ትንሿ ጣት ያለችበትን ጠርዝ ያነጣጥሩ። በምቱ መጨረሻ አንጓው ወደ ውጭ ይዞር። ኳሷ እጁን ነክታ ከሜዳ ትወጣለች፣ ነጥቡ የመቺው ነው። ይህ ምት ኃይል አይፈልግም፤ ሰባ በመቶ ክንድ ይበቃዋል። ኳሷ ከመረቡ ከአንድ ሜትር በላይ ከራቀች ግን አይሞክሩት፤ ከሩቅ ሲሆን ጠርዙ ይጠባል፣ ኳሷም ብሎኩን ሳትነካ ውጭ ትወጣለች።

ሁለተኛው ከፍተኛውን ጣት መፈለግ ነው። ከኋላ መስመር አልፎ የሚሄድ የሚመስል ጠፍጣፋ ምት በጣት ጫፍ ላይ ይላካል። ተነክቶ ከወጣ ነጥብ፣ ካልተነካ ስህተት። ስለዚህ የሚሠራው ብሎከሩ በእርግጥ ከፍ ሲል ነው። ዘግይቶ የሚዘል ብሎከር ላይ የሞከረው ሰው ኳሷን ለተመልካች ያቀብላል።

ሦስተኛው እና ከሁሉም ያነሰ የሚከበረው፣ ኳሷን በዝግታ ብሎኩ ላይ ሰጥቶ መልሶ መቀበል ነው። ኳሷ የተጋጣሚን ብሎክ ነክታ ወደራስ ሜዳ ስትመለስ ቡድኑ አዲስ ሦስት ንክ ያገኛል። ኳሷ ከመጥፎ ቦታ ስትመጣ፣ ብሎኩም ተሰናድቶ ሲቆም፣ በግማሽ ኃይል ወደ መዳፋቸው ይስጡና ከጓዶችዎ ጋር ሸፍነው እንደገና ይጀምሩ። በስታትስቲክስ ላይ ከዜሮ በላይ አይታይም፤ አሠልጣኙ ግን ያያል።

ኳሷን በጣት መጣልና በዝግታ ጠቅልሎ ከብሎኩ በላይ ማሳለፍ የሚሠሩት መንደርደሪያው ከሙሉ ምት ሳይለይ ሲቀር ብቻ ነው። ክንዱ ቀድሞ ከቀዘቀዘ የኋላ መስመር ተከላካይ ኳሷ ከመድረሷ በፊት ቆሞ ይጠብቃታል።

ማን የበለጠ ይጠቅማል? ሒሳቡ

የአሜሪካ ኮሌጆች መቺን የሚመዝኑት በማጥቃት ውጤታማነት ነው፦ ነጥብ ከሆኑት ምቶች ስህተቶቹ ይቀነሱና ለጠቅላላ ሙከራ ይካፈላሉ። ብሎክ ተደርጎ መሬት የወደቀ ኳስ እንደ ስህተት ይቆጠራል። በ40 ሙከራ 15 ነጥብና 9 ስህተት ያለባት .150 ናት። በ36 ሙከራ 12 ነጥብና 3 ስህተት ያለባት .250 ናት። ተመልካች የሚያስታውሰው አሥራ አምስቱን ነው፤ እያንዳንዱ ስህተት ግን ለተጋጣሚ ሙሉ ነጥብ ስለሆነ አሠልጣኝ የሚሸልመው ሁለተኛዋን ነው። በልምድ ለክንፍ መቺ .250 ደህና፣ .300 በጣም ጥሩ ይባላል። ለመሐል ተጫዋች ከዚያ በላይ ይጠበቃል፤ ብዙውን ጊዜ አንድ ብሎክ ብቻ ነው የሚገጥመው፣ ኳስ የሚሰጠውም ቅብብሉ ጥሩ ሲሆን ነው።

በልምምድ ጨዋታም ይመዝግቡ። ሦስት ዓምድ በቂ ነው፦ ነጥብ፣ ስህተት፣ የቀጠለ። ስህተቱን ደግሞ በሦስት ይክፈሉት፦ መረብ፣ ውጭ፣ ብሎክ። መረብ የሚበዛ ከሆነ መቺው ዘግይቶ ኳሷን ዝቅ ብላ እያገኛት ነው። ውጭ የሚበዛ ከሆነ ኳሷ ሥር ገብቷል። ብሎክ የሚበዛ ከሆነ ችግሩ ዕይታ ነው፣ ዝላይ መጨመርም አይፈታውም።

ሰርቭ መቀበልና የ15ቱ ቅያሪ ጉዳይ

የአሜሪካ የሴቶች ኮሌጅ ሕግ በአንድ ዙር 15 ቅያሪ ይፈቅዳል፤ በዓለም አቀፍ ሕግ 6 ነው። የሊቤሮ (ኋላ መስመር ላይ ብቻ የሚጫወት ተከላካይ) መግባትና መውጣት በሁለቱም አይቆጠርም። ይህ አንድ ቁጥር የቁመትን ክርክር ከምንም በላይ ይቀይረዋል። 15 ቅያሪ ያለው አሠልጣኝ ረጅሟን መቺ ፊት መስመር ላይ ብቻ አጫውቶ፣ ወደ ኋላ ስትዞር በተከላካይ ሊቀይራት ይችላል። ስለዚህ ኳስ መቀበል የማትችል ረጅም ልጅ በኮሌጅ ቦታ ታገኛለች። መቀበል የማትችል አጭር መቺ ግን አታገኝም።

ለአጭር የግራ ክንፍ መቺ ትምህርቱ ግልጽ ነው። ስድስቱንም ቦታ የምትጫወት መቺ ለአሠልጣኙ ቅያሪ ትቆጥባለች፣ ያ ደግሞ ዋጋ አለው። ከልምምዱ ሰዓት ቢያንስ ሲሶው ሰርቭ መቀበል ይሁን። ከተንሳፋፊ (ሳይሽከረከር ከሚመጣ) ሰርቭ 50 ኳስ ይቀበሉና እያንዳንዱን ከ0 እስከ 3 ይመዝኑ፦ ለሴተሩ ሁሉንም ምርጫ የሰጠ 3፣ ሁለት ምርጫ የሰጠ 2፣ ከፍተኛ ኳስ ብቻ ያስቻለ 1፣ የጠፋ 0። አማካዩ ከ2 በታች ከሆነ ማጥቃቱ የቱንም ያህል ቢያምር ተጋጣሚ ሰርቩን በሙሉ ወደዚያ ሰው ይልካል።

ረጃጅሞቹ የሚወድቁበት

ረጅም ልጅ በአሥራ ሦስት ዓመቱ መሐል ላይ ይቆማል፣ እዚያው ያድጋል፣ ኳስ ሳይቀበል ኮሌጅ ይደርሳል። ከዚያ ቡድኑ ውስጥ ከእሱ በ5 ሳ.ሜ የሚበልጥ ሌላ የመሐል ተጫዋች ያገኛል፤ ክንፍ ላይ ሊሄድ ደግሞ መቀበል አይችልም። ወላጅና አሠልጣኝ ይህን ቀድመው ሊያስቡበት ይገባል። ሌላው ችግር፣ ታዳጊዎች ላይ ከብሎኩ በላይ ስለሚመታ አንድ ምት ብቻ ይለምዳል፦ ሰያፍ፣ ወደ ታች። ኮሌጅ ሲገባ እጆቹ ሁሉ እኩል ይሆናሉ፣ ያ ምትም ይዘጋል። ጥልቅ ማዕዘኖቹን፣ ከመስመር እስከ መስመር፣ ገና ብሎክ ሳያስቸግረው ይልመድ። ከረዘመ ክንድ ጋር የሚመጣው ሦስተኛው ችግር ዝግታ ነው፤ ረጅም ክንድ ወደኋላ በተለጠጠ ቁጥር ሰዓት ይፈልጋል፣ ስለዚህ የክንድ መሳቡ አጭርና ፈጣን ይሁን።

ዝላይ ማሳደግ

ቁመት አይሠለጥንም፤ ዝላይ በጥቂቱ ይሠለጥናል። በሳምንት ሁለት ቀን የጥንካሬ ሥራ፣ በመካከላቸው 48 ሰዓት ዕረፍት፣ እያንዳንዱ የዝላይ ልምምድ ለጀማሪ ከ60 እስከ 80 ማረፊያ። የቡድኑ ልምምድ ላይ የተዘለለውም ይቆጠራል፤ ብዙ ጉልበት የሚታመመው ይህ ሲረሳ ነው። ከጉልበት ሎሚ በታች ያለው ጅማት ጠዋት ደረጃ ሲወርዱ የሚወጋ ከሆነ ዝላዩን ይቀንሱ፣ ጥንካሬውን ግን አይተዉ፤ ካልተሻለ ባለሙያ ይየው። ከ8 እስከ 12 ሳምንት ሠርተው 4 ወይም 5 ሳ.ሜ ካገኙ ጥሩ ሠርተዋል።

አስተራረፉ በሁለት እግር ይሁን። ቁርጭምጭሚት በብዛት የሚታጠፈው መረቡ ሥር፣ የሌላ ሰው እግር ላይ ሲያርፉ ነው። ወደ መረቡ የሚንሳፈፍ መቺ ከፍታውንም ቁርጭምጭሚቱንም በአንድ ስህተት ያጣል።

ለአሠልጣኝ ሲላክ

ቁመትን ከእነ ጫማ ለክተው ከፍ አያድርጉ፤ ጉብኝት ላይ በመጀመሪያው ቀን ይታወቃል፣ ከዚያ ወዲያ ሌላው ቁጥር ሁሉ ይጠረጠራል። የቁም መድረሻ፣ የዝላይ መድረሻና የተለኩበት ቀን አንድ ላይ ይጻፉ፤ አሜሪካውያን አሠልጣኞች በጫማና ኢንች ስለሚያስቡ በዚያም ጭምር (305 ሳ.ሜ 10 ጫማ ነው)። የኤንሲኤኤ (የአሜሪካ ኮሌጆች ስፖርት ማኅበር) ከፍተኛው ዲቪዚዮን አሠልጣኞች ተመልማይን በቀጥታ ማነጋገር የሚችሉት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ሁለተኛው ዓመት ካለቀ በኋላ ከሰኔ 8 ጀምሮ (በአውሮፓ አቆጣጠር ጁን 15) ነው፤ ከዚያ በፊት መልስ አለመምጣቱ አለመፈለግ አይደለም። ዲቪዚዮን 3 የስፖርት ስኮላርሺፕ አይሰጥም።

ቪዲዮው ከኋላ መስመር፣ ከፍ ብሎ፣ ሜዳው በሙሉ እየታየ ይቀረጽ። መቺዎች ሁሉ የሚልኩት ጠንካራ ምት ሲደረደር ነው። ለአጭር መቺ የሚበጀው ሙሉ ቅብብል ማሳየት ነው፦ ሰርቭ ተቀብሎ ሲነሳ፣ ኳሷ ሲበላሽ የሚያደርገው፣ ብሎክ ተደርጎ ኳሷ ስትመለስ በሁለተኛው ሙከራ የመረጠው ምት። ሁለት ሦስት ስህተትም ይግባበት፤ አሠልጣኙ ከስህተቱ በኋላ ቀጥሎ የመጣውን ኳስ እንዴት እንደመቱት ያያል።